ልክ የመለሰ ሁሉ ገብቶታል ወይ?

ባሌና እኔ በትዳራችን ዘመን ሁሉ የምንጣላበት ነገር አንድ ብቻ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩ። በዘመድ አልተጣላንም፤ በልጅ አስተዳደግም እንደ ሰው ሁሉ ጥቂት ተነታርከን ተስማምተናል። ማለቂያ ያጣው ክርክራችን ፊዚክስ ነው። እሱ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ኳንተም ሜካኒክስ ያስተምር ነበር። እኔ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህርት ነኝ፤ ጡረታዬ ተቃርቧል። ጥያቄያችን ይኸው ነበር፦ ሳይንቲስቶች ይህ ነገር እውነት ገብቷቸዋል ወይስ ስሌቱን ብቻ ነው የሚያውቁት? እሱ ገብቷቸዋል ባይ፣ እኔ አልገባቸውም ባይ። ጎረቤቶቻችን ድምፃችን ከፍ ሲል ሰምተው ሊገላግሉ ይመጡና የተጣላነው በኤሌክትሮን መሆኑን ሲሰሙ ስቀውብን ይመለሱ ነበር።

ለማያውቀው ሰው ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ፤ ማስረዳት ሥራዬ ነው፣ ካቃተኝም ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይደለም። ኤሌክትሮን የሚባለው ደቃቅ ነገር ማንም ሳያየው በሚቆይበት ጊዜ እዚህ ነው ወይም እዚያ ነው ሊባል አይችልም፤ ሁሉም ጋ ያለ ያህል ይሆናል። ያየነው እንደሆነ ግን አንድ ቦታ ላይ ይገኛል። የት እንደሚገኝ አስቀድሞ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም። ይህን ያህል ዕድል እዚህ፣ ያን ያህል ዕድል እዚያ የሚል ቀመር ግን አለ፤ ያም ቀመር እስካሁን ተሳስቶ አልተገኘም። በእጃችን የያዝነው ስልክ ሳይቀር በእሱ ተሰልቶ የተሠራ ነው። ታዲያ ከማየታችን በፊት ነገሩ የት ነበር? ማየታችንስ ምን አደረገው? ተብሎ ሲጠየቅ ትልልቆቹ ሊቃውንት እርስ በርስ አይስማሙም። አንዱ ዓለም አንዲት አይደለችም ይላል፤ ሌላው ያላየነው የተሰወረ ነገር አለ ይላል፤ ሌላው ደግሞ ዝም ብለህ አስላ ይላል። እኔ እንግዲህ ይህን ይዤ ነው አልገባቸውም የምለው።

ባሌ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገባው ዘግይቶ ነው። ልጅነቱን የጨረሰው ዲማ፣ ከገዳሙ አጠገብ ባለ የአብነት ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ንባቡን በቃልህ ትይዛለህ። ግእዙ ምን ማለት እንደሆነ አትጠይቅም፣ ብትጠይቅም የሚመልስልህ የለም። አንዲት ፊደል ብትጥል ግን ትገረፋለህ። ትርጓሜው የሚመጣው ከዓመታት በኋላ፣ ጢም ካወጣህ፣ በሌላ መምህር እግር ሥር ነው። ብዙው ሰው እዚያ ሳይደርስ ወደ እርሻው ይመለሳል፤ ዕድሜውን ሁሉ ልክ አድርጎ የሚያነበንበውን ሳያውቀው ይሞታል።

«የእኛም ነገር እንደዚያው ነው» ይለኝ ነበር። «ንባቡን ይዘናል፣ ግድፈት የለብንም። የትርጓሜው መምህር ነው ያልመጣው።»

«ካልመጣማ አልገባችሁም ማለት ነው።»

«አንች ሴት፣ ልክ የሚመልስ ሰው ገብቶታል። ሌላ መለኪያ ካለሽ አምጭው።»

መለኪያማ አለኝ እንጂ። የመማሪያ ክፍሌ ሞልቶ የተረፈው ምን ሆነና? የእንቅስቃሴን ሕግ እንደ ውሃ የሚያንቆረቁሩ፣ ፈተናውን ያለስህተት የሚሠሩ ልጆች አሉኝ። አውቶቡስ ድንገት ሲቆም ወደ ፊት የምንወድቀው ለምንድነው ስላቸው፣ ሾፌሩ ስለሚቸኩል ነው ይሉኛል። ይህን ስነግረው ይስቃል፤ ሳቁ ደግሞ ከልብ ነው። ከዚያ የትርጓሜ ቤቱን ነገር ያነሳል፤ ሊቃውንቱ አንዱን ቃል አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው እያሉ ሲተረጉሙ አንዱ የሌላውን አይሽርም፣ ሁሉም ጎን ለጎን ይኖራል፤ ፈረንጆቹ ግን አንዱ አንዱን ካልሻረ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ይላል። እኔም አንድም አንድም ያበዛ ሰው አንዱንም አላወቀው እለዋለሁ። ተማሪዎቹ በሌለበት የኔታ ነው የሚሉት፤ እኔም ሊያናድደኝ ሲጀምር የኔታ እለው ነበር።

ሕመሙ የታየው በዚያው በሚወደው ክፍል ውስጥ ነው። ሰሌዳውን ሙሉ አንድ ስሌት ሠርቶ ጨረሰ፤ ቀጥ ያለ፣ እንከን የሌለው። ሰሌዳውን አጠፋ። ከዚያ እንደ አዲስ «እንደምን አደራችሁ» ብሎ ያንኑ ስሌት ከላይ ጀመረ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ የሚቀልድ መስሏቸው ነው። በኋላ ሳቃቸውን አቆሙ። የክፍሉ ተጠሪ፣ አንዲት የደብረ ኤልያስ ልጅ፣ ቤቴ ድረስ መጥታ በር ላይ ቆመች። «መምህርት፣ ስህተት እኮ የለውም» ነበር ያለችኝ። «ሁለተኛውም ጊዜ ልክ ነው። ግን ሁለተኛ መሆኑን አላወቀም።»

መንገዱ ከፈት ባለ ሰሞን አዲስ አበባ ወሰድኩት። ጭንቅላቱን የሚያነሳው ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት ለባለሙያው የማሽኑን አሠራር አስረዳው፤ የአተሞቹ እምብርት እንዴት እንደሚዞር፣ መግነጢሱ እንዴት እንደሚያሰልፋቸው። ባለሙያው አፉን ከፍቶ ነው የሰማው። ከማሽኑ ሲወጣ የገባበት በር ጠፋበትና ግድግዳውን ይዞ ቆመ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ደግ ናት። የመርሳት በሽታ መሆኑን ነገረችኝ። ሁሉም ሰው ላይ አንድ ዓይነት ባይሆንም ብዙውን ጊዜ ኋላ የመጣው ዕውቀት ቀድሞ ይሄዳል፣ ልጅነት ላይ የገባው መጨረሻ ይቀራል አለችኝ። እኔ ያገኘሁት ዲማን ጨርሶ፣ ፊዚክስንም ጀምሮ ነው። በእሱ ዕድሜ ላይ እኔ ኋላ የመጣሁ ነኝ። ይህን እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጬ አሰላሁት።

ስንመለስ አውቶቡሱ ዓባይን ተሻግሮ ደጀን ለምሳ ቆመ። እጄን ይዞ አወረደኝ። እጅ መታጠቢያው ጋ ጆጉን አንስቶ ውሃ ያፈስልኝ ጀመር፤ ሁልጊዜም ያደርገዋል። እያፈሰሰ ቀና ብሎ አየኝና «እርስዎም ወደ ማርቆስ ነዎት?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። ምን ልበል?

«እንግዲያው አብረን እንሄዳለን» አለ፣ ደስ ብሎት።

ምሳውን እንዳላወቀኝ በላን። አውቶቡስ ስንገባ መልሶ አንች አለኝ፤ መስኮቱን ዝጊው ብሎ ተቆጣኝም። በቁጣው ያን ያህል የተደሰተች ሚስት ያለች አይመስለኝም። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ አንዳንድ ቀን ሚስት፣ አንዳንድ ቀን እንግዳ ሆንኩ። የትኛዋ እንደምሆን እሱ ሳያየኝ በፊት አላውቅም። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም፤ ይኸማ ኳንተም ነው ብሎ የሚስቅልኝ ሰው ስለሌለ ነው።

ለጥቂት ወራት ፊዚክሱ አብሮት ቆየ። ጠመኔ ይዞ ወጥቶ የግቢያችን የብረት በር ላይ ይጽፋል። ቀመሩን ከራሱ ይጀምርና ወደ ታች መስመር በመስመር ያወርደዋል፤ ቆሜ አየዋለሁ፣ አንድም ስህተት አጥቼበት አዝናለሁ፣ ደስም ይለኛል። አንዲት ጎረቤቴ ጠልሰም መስሏት በእኛ በር ማለፍ ትታ ነበር። «እትዬ፣ እባክሽን ይህን ነገር አጥፊው፤ ላሜ ወተት ቀንሳለች» ብላ ለመነችኝ። ላሟ የቀነሰችው መኖ ስላጣች ነው ብዬ መለስኩላት። ከዚያ አንድ ቀን የጀመረውን መስመር ከመሐል ተወው። ጠመኔውን እጄ ላይ አስቀመጠና ወደ ቤት ገባ፤ ሁለተኛ አልጠየቀኝም። የጻፈውን እኔም አላጠፋሁትም፣ ዝናብ ነው ያጠበው።

የቀረው ጸሎቱ ነው። ለየዕለቱ የተከፈለውን፣ ልጅ ሆኖ ዲማ በቃሉ የያዘውን ጸሎት፣ ጎህ ሲቀድ በረንዳው ላይ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይደግማል። የሰኞው ለሰኞ፣ የማክሰኞው ለማክሰኞ የተመደበ ነው፤ እያንዳንዱ አጀማመሩ ለየት ይላል። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፣ ግእዝ አልተማርኩም፤ ግን አጠገቡ ስኖር ስኖር ጆሮዬ አጀማመራቸውን ለይቷል። እናም አንድ ማለዳ እንጀራ ስቆርጥ ልቤ ዘለለ። ማክሰኞ ነበር፣ እሱም የሚደግመው የማክሰኞውን ነበር። በማግስቱ የረቡዕን። በማግስቱም የኀሙስን። የሚስቱን ስም የረሳ ሰው ቀኑን አይስትም።

እኔ እንዲሁ የማምን ሰው አይደለሁም፤ ዕድሜ ልኬን ማስረጃ ስጠይቅ የኖርኩ ነኝ። የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳው አወረድኩ። ሬዲዮ ከጸሎቱ በፊት እንዳይከፈት አደረግኩ። የጾም ቀን ከምግቡ እንዳያውቅ፣ ጸሎቱን ሳይጨርስ ምንም አላቀርብለትም። የገበያው ጫጫታ ቅዳሜን እንዳይነግረው፣ እሱ የሚነሳው ገና ገበያተኛ መንገድ ሳይጀምር መሆኑን አረጋገጥኩ። የእሁዱን ከቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ይሰማው ይሆናል አልኩ፤ የአዘቦቱን ከየት ይሰማዋል? ሳምንት አልፎ ሳምንት ሲመጣ አልሳተም። ከሁሉም በኋላ አመንኩ። ቀኑን የሚያውቅ ሰው ውስጡ አለ፤ መውጫው ነው የጠፋበት እንጂ እሱ አልሄደም አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ በትዳራችን ዘመን ለእሱ ፈረድኩ፤ ልክ የሚመልስ ሰው ገብቶታል። ደግሞም እንደ ምሥራች ለልጃችን ደወልኩላት።

ልጃችን አንድ ናት። አዲስ አበባ ትሠራለች፤ የታጨችውም እዚያው ነው። ሰርጓን ለከርሞ አስባው ነበር። ዜናዬን ስትሰማ ማልቀሷን ከትንፋሿ አወቅሁት።

«እማ፣ እኔ ድግስ አይደለም የሚያሳስበኝ» አለችኝ። «አባዬ ሲመርቀኝ እኔ መሆኔን እያወቀ እንዲመርቀኝ ነው የምፈልገው። የማያውቀኝ ከሆነ ድንኳንም አልፈልግ፣ በፊርማ እንጨርሰዋለን። እውነቱን ንገሪኝ። ያውቀኛል?»

«አሁን ከሆነ ያውቅሻል» አልኳት። «ቀኑን አይስትም ስልሽ።»

በዚህች ቃሌ ሰርጉ ወደዚህ ዓመት ጥር ተሳበ። የሙሽራው ወገኖች ቸኮላችሁ ብለው አጉረመረሙ፤ አባቷ ሳይደክም ነው አልናቸውና ተስማሙ።

ኀሙስ ከሰዓት በኋላ መጣች። ከመኪና ወርዳ እየሮጠች እግሩ ላይ ወደቀች። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ እንኳን በሰላም መጣሽ፣ መንገዱ እንዴት ነው?» አላት፣ ግንባሯን ስሞ። ወደ እኔ ዞራ በእንባዋ ውስጥ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እንግዳን ሁሉ በዚያ ቃል እንደሚቀበል አውቅ ነበር፤ ግን የማውቀውን ሁሉ ማሰብ አላስፈለገኝም።

በዚያው ማታ ትኩሳት ያዘው። ጤና ባለሙያ ጎረቤታችን መጥቶ መርፌ ወጋውና አርብን ሙሉ ተኛ፤ ለጸሎትም ለምግብም አልተነሳም። እኛ በድንጋጤ ስንመላለስ ዋልን። ቅዳሜ ጠዋት ትኩሳቱ ለቆት ተነስቶ ቁጭ አለ፤ እግዚአብሔርን አመሰገንን። እኔ ግን ያን ቀን የሰው ድምፅ የምሰማበት ጆሮ አልነበረኝም። የሰፈሩ ሴት ሁሉ ግቢያችን ውስጥ ነው፤ ሽንኩርት ይከተፋል፣ ዶሮ ይበለታል፣ ወንዶቹ ድንኳን ይተክላሉ፣ አንዱ ጠላው ቀጠነ ይላል፣ ሌላው ብርጭቆ የት አለ ይላል። በረንዳው ላይ የሚደገመውን ማን ይሰማል?

እሁድ ማለዳ አዲሱን ጋቢ ይዤለት ወጣሁ። ቦታው ላይ ቆሟል፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሯል። ድንኳኑ ውስጥ ገና ማንም አልነቃም። አጀማመሩን ስሰማ እግሬ ቆመ። የቅዳሜው ነበር።

መጀመሪያ የተሳሳትኩ መሰለኝ። የሰርግ ቤት ቀን ያሳስታል፤ ዛሬ ቅዳሜ ይሆን እንዴ ብዬ በራሴ ተጠራጠርኩ። ድንኳኑን አየሁ። ሰርጉ ዛሬ ነው። ዛሬ እሁድ ነው።

«ዛሬ እኮ እሁድ ነው» አልኩት፣ ቀስ ብዬ።

አላቋረጠም። ግድፈት ሳይኖርበት፣ ዜማውን ጠብቆ እስከ መጨረሻው ወሰደው። ጨርሶ ሲዞር ፈገግ አለልኝ፤ ለመንገደኛ የሚሰጥ ዓይነት ጨዋ ፈገግታ ነው። እኔ ጋቢውን እንደያዝኩ ነገሩን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ሄድኩበት። አርብ ተኝቶ ነበር። እንግዲያው ትናንት ቅዳሜ የደገመው የአርቡን ነው፤ ዛሬ ደግሞ የቅዳሜውን። ነገ የእሁዱን ይደግማል። ሌላ የሚያውቀው የለም፤ ትናንት ያለውን የሚከተለውን ያውቃል፣ እሱን ይላል። ቀኑን አውቆት አያውቅም። ያን ሁሉ ሳምንት ልክ የሆነው ቀን ስላልዘለለ ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ከግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ አወረድኩ፣ ሬዲዮ አስዘጋሁ፣ ገበያ ጠበቅሁ። የፊዚክስ መምህርት ነኝ። ከራሱ ላይ ትናንትን ማውረድ ግን አላሰብኩም። ልጅ ሳለ ዲማ ላይ በልምጭ የገባበት ተራ አለ፤ ሰኞ ማክሰኞን ይጠራል፣ ማክሰኞ ረቡዕን ይጠራል። የቄስ ትምህርት ቤት ደጅ ያላየ ሰው ይህን አይሳሳትም ነበር፤ ድግግሞሹን እንደ ዘፈን ሰምቶ ያልፈው ነበር። የአገሩ ሰው በመሆኔ፣ እያንዳንዱን አጀማመር በመለየቴ ነው ተስፋ ያደረግሁት።

ክርክሩን አሸነፍኩ ማለት ነው። ልክ መመለስ ሌላ፣ መግባት ሌላ መሆኑን ያን ያህል ዘመን ስነግረው ኖሬ፣ በመጨረሻ ማስረጃውን ራሱ ሰጠኝ። እንደዚያ ማለዳ መሸነፍን የለመንኩበት ቀን የለም። ያ ቀመር ተሳስቶ አያውቅም የሚሉት ሊቃውንት ትዝ አሉኝ። ምናልባት እነሱም ከትናንት ቀጥሎ የሚመጣውን ብቻ ነው የሚያውቁት፤ ተፈጥሮ አንድ ቀን ተኝታ አታውቅም፣ ስለዚህ አልተጋለጡም። ይህን የምነግረው ሰው ጋቢውን እንዳለብሰው እጁን ዘርግቶልኝ ቆሞ ነበር። ለብሶ አማረበት፤ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ ሰርገኛ መሰለ።

ልጄ ጓዳ ተቀምጣ ጸጉሯን ይሠሯታል። ደጋግሜ እስከ በሩ ሄጄ ተመለስኩ። ምን እላታለሁ? ተሳስቻለሁ፣ ድንኳኑን አፍርሱት ልበል? ደግሞስ ዝም ብል ማታለሌ አይደለም? በመስተዋቱ አየችኝና «እማ፣ አባዬ ተነሳ?» አለችኝ። «ተነስቷል፣ ጸልዮም ጨርሷል» አልኳት። ውሸት አልነበረም። እሷም ዓይኗን ጨፍና ፊቷን ለምትኩላት ልጅ ሰጠች፤ አንድ ጥያቄ የተመለሰላት ሰው ሆና።

ሙሽራው ከሚዜዎቹ ጋር መጣ። የሰፈሩ ልጃገረዶች በር ይዘው አናስገባም ብለው እንደ ልማዱ አንገላቷቸውና ገቡ። ባሌን ድንኳኑ መሐል ወንበር ላይ አስቀምጠነዋል። አጠገቡ እኔ ነኝ። ሁለቱ መጥተው ተንበረከኩ፣ ጉልበቱን ሳሙ። መታመሙን የማያውቅ የለምና ሁሉም ወደ አፉ ያያል። ልጄ ጉልበቱ ላይ ግንባሯን እንደደፋች አልተነሳችም። ቬሎዋ መሬቱን ነክቷል። እኔ እጄን ምን እንዳደረግሁት አላውቅም።

ቀኝ እጁን አንስቶ ራሷ ላይ አኖረ።

«ውለዱ፣ ክበዱ» አለ። ድምፁ የክፍል ድምፁ ነበር፣ ከጀርባ ላለውም የሚሰማ። «የአብርሃምና የሣራ ትዳር ያድርግላችሁ። የዘራችሁት ይብቀል፣ የወለዳችሁት ይደግ። በራችሁ ለእንግዳ አይዘጋ። ክፉ ዓይን፣ ክፉ ቀን አይያችሁ። አንዳችሁ ላንዳችሁ መድኃኒት ያድርጋችሁ። ለሽበት ያብቃችሁ።»

በየመሐሉ አሜን ይላል ሰዉ፤ ድንኳኑ በአሜን ይናጣል። በየጎረቤቱ ሰርግ፣ በየማኅበሩ ሲለው የኖረ ምርቃት ነው፣ አንዲት ቃል አላጎደለም። ሴቶቹ ያለቅሳሉ። አንድ ሽማግሌ «ማን ነው የኔታ ታመመ ያለው? ምንም አልነካውም እኮ» አሉ ለጎረቤታቸው፣ ሁላችንም እንድንሰማ አድርገው። ልጄ ቀና ብላ መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ፊቷ እንደዚያ ሲበራ አይቼው የማውቀው ሕፃን ሳለች ነው። ወንበሬን ይዤ ቆምኩ።

መኪናው ውስጥ ከመግባቷ በፊት በቬሎዋ አቅፋ ያዘችኝ። ጆሮዬ ሥር «አውቆኛል አይደል? ገብቶታል አይደል?» አለችኝ።

«ገብቶታል» አልኳት።

ዓይኔን አላርገበገብኩም። እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ይህን ስጽፍም ታነበዋለች ብዬ እፈራለሁ፣ ካነበበችው ደግሞ እንድትቆጣኝ እፈልጋለሁ፤ ብቻዬን መያዙ ከበደኝ። መኪኖቹ ጥሩንባቸውን እየነፉ ወደ አዲስ አበባው መንገድ ዞሩ። ሰዉ ሊበላ ገባ።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ሲሳሳ አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። ከተቀመጠበት አልተነሳም ነበር። ጋቢውን አስተካከልኩለት፤ ጫማው ጠቦት እንደሆነ ጠየቅሁት፣ አልጠበበኝም አለ። ቆይቶ በሩን፣ መኪኖቹ የሄዱበትን እያየ፣

«መልካም ልጅ ናት» አለኝ። «ልቤን ነካችው። ግን አባት የላትም እንዴ፣ እኔን እንግዳውን ያስመረቁኝ?»

«አላት» አልኩት።

«ታዲያ በልጁ ሰርግ ለምን አልመጣም?» አለ፣ እውነት አዝኖላት።